ሰው ከወላጆቹ እምነት ለምን ይወጣል?

አብዛኛው ሰው ሃይማኖቱን የሚያገኘው ከእናት ከአባቱ ነው። አንዱ በአርባ ወይም በሰማንያ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፤ ሌላው እንደተወለደ አዛን በጆሮው ይባልለታል። ሁለቱም ነፍስ ሲያውቁ በዚያው እምነት ውስጥ ራሳቸውን ያገኙታል እንጂ አወዳድረው አልመረጡትም። ስለዚህ ከሃይማኖት መውጣት ከቤተሰብ፣ ከሰፈር፣ ከዕድርና ከመቃብር ቦታ ጭምር መለየት ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ እምነታቸውን የሚለውጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ፕሮቴስታንት የሆነው ከመቶ 5.5 ገደማ ነበር። ቁጥሩ በ1987 ዓ.ም. 10.2፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 18.6 ከፍ ብሏል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቆጠራዎች መካከል የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኞች ድርሻ ከ50.6 ወደ 43.5 ዝቅ አለ። እንዲህ ያለው ለውጥ በወሊድ ብዛት ብቻ አይመጣም፤ ሚሊዮኖች ወላጆቻቸው ያልነበሩበትን እምነት ይዘዋል ማለት ነው።

ሃይማኖት የሚለወጠው በክርክር ተሸንፎ ወይም መጻሕፍትን አገላብጦ የሚመስለው ብዙ ነው። ጥናቶች ግን በመጀመሪያ ሌላ ነገር ያሳያሉ። ጆን ሎፍላንድና ሮድኒ ስታርክ የተባሉ አሜሪካውያን የማኅበረሰብ ጥናት ምሁራን በካሊፎርኒያ አንድ ትንሽ አዲስ የሃይማኖት ቡድን በቅርብ ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1965 አሳትመዋል። ወደ ቡድኑ የገቡት በአብዛኛው ከአባላቱ ጋር የነበራቸው ወዳጅነት ከውጭ ካለው ቤተሰባቸውና ጓደኛቸው ጋር ካለው ትስስር የበረታባቸው ሰዎች ነበሩ። የቡድኑን ትምህርት ግን አብዛኛውን የጨበጡት ዘግይተው ነው። ከገጠር ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ዘመድ በሌለበት ከተማ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ገንዘብ ሲያጥረው የሚያበድረው፣ እሑድ ብቻውን እንዳይውል የሚጠራው የጸሎት ቡድን ካገኘ ከቡድኑ ጋር መጸለይ የሚጀምረው ስለ ትምህርቱ ሳይጠይቅ ነው። ይህ የእምነቱን እውነተኝነት አያሳንሰውም፤ በእናቱ እቅፍ ሆኖ እምነቱን የተቀበለ ልጅም የተቀበለው ከሚወደው ሰው ነው።

ወዳጅነት ብቻውን ግን አይበቃም። ሰው የያዘው እምነት ለደረሰበት መከራ መልስ ያጣለት ሲመስለው ልቡ ይከፈታል። የወላይታ ታሪክ ከዚህ አንጻር ሊጠና የሚገባው ነው። በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወላይታን ድል አድርጎ ንጉሡን ጦናን ማረከ። ሕዝቡ ገባር ሆነ፤ የድሮው ሥርዓትና ሥርዓቱን ይመሩ የነበሩ ሰዎች ክብርም ተናጋ። የፕሮቴስታንቱ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰባክያን በ1920 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ሲደርሱ ያገኙት ይህን ሕዝብ ነው። ይሁንና በእነሱ ጊዜ የተጠመቀው ጥቂት ሰው ነበር። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ሲያስወጣቸው በወላይታ ትተውት የሄዱት የተጠመቀ አማኝ 48 ያህል ብቻ ነው። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጋ ምእመን ጠበቃቸው።

ትልቁ ዕድገት የመጣው የውጭ ሰባኪ በሌለበት፣ መሪዎቹ በታሰሩበትና በተገረፉበት ዘመን ነው። ሰባኪው ጎረቤት ነበር፤ የሚናገረው የቤቱን ቋንቋ ነው፤ ስለሚታወቀው ፍርሃትም ያወራል። በሽታ በመጣ ቁጥር ለአዋቂና ለቃልቻ መሥዋዕት ሲያቀርብ የኖረ ቤተሰብ ከመናፍስት ፍርሃት ነጻ መውጣትን ሲሰማ ነገሩ የኑሮው ጉዳይ ነበር። በደቡብ ኢትዮጵያ የአማኞች ምስክርነት ውስጥ ፈውስና ከፍርሃት መገላገል ደጋግመው የሚነሡት ለዚህ ነው። እምነቱን የተቀበሉት ተጨንቀው በነበሩበት ሰዓት ስለሆነ በኋላም አጥብቀው ያዙት።

ቋንቋ ራሱን ችሎ ሊነሣ ይገባዋል። በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ነጻ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ገኖ ጋር ደክሞ እ.ኤ.አ. በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አሳትሟል። ቅዳሴውን በማያውቀው ግእዝ ሲሰማ ለኖረ ሰው በአፍ መፍቻው የተጻፈ ቃል የቱን ያህል እንደሚቀርብ ለማወቅ የምዕራብ ወለጋን ቤተ ክርስቲያናት ታሪክ መመልከት ይበቃል።

በሐሳብና በመጽሐፍ ተመርተው የሚሄዱም አሉ፤ ቁጥራቸው ግን አነስተኛ ነው። በቤጌምድር የታወቁት የእስልምና ሊቅ ሼኽ ዘካርያስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ራእይ አየሁ ካሉ በኋላ ቁርኣንን እየጠቀሱ ስለ ክርስቶስ ማስተማር ጀመሩ። ከሊቃውንት ጋር ለዓመታት ተከራክረው በ1902 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ተጠመቁ፤ ብዙ ተከታዮቻቸውም አብረዋቸው ተጠምቀዋል። በእሳቸው ታሪክ ራእዩ፣ ንባቡና የተማሪዎቻቸው ፍቅር አንዱ ከሌላው አይለይም። ሊቁን የመራው መጽሐፉ ሊሆን ይችላል፤ ተከታዩን ግን በአመዛኙ የመራው ሊቁን ማመኑ ነው።

ሥልጣን ሲገባበት ነገሩ ይለያል። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ትምህርት ተስበው፣ የፖርቱጋልን የጦር ርዳታም ተስፋ አድርገው፣ በ1614 ዓ.ም. ካቶሊክነታቸውን በይፋ አሳወቁ። ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ የቅዳሜ ሰንበት እንዲቀር አዘዘ። አገሩ በአመፅ ተቀጣጠለ፤ ብዙ ሺህ ሰው ካለቀበት ጦርነት በኋላ ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ደግሞ የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ክርስትና አባትነት ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። የእሳቸው ቤት ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። ከተራው ሕዝብ ግን ብዙው በአደባባይ ተጠምቆ በቤቱ ሲሰግድ ኖረ፤ በአመፅ የተነሡትን ሼኽ ጠልሃን ተከትሎ የተዋጋም ነበር። ወሎ ዛሬም ሰፊ የሙስሊም ሕዝብ የሚኖርበት አገር ነው። መኳንንቱ ከለውጡ ሹመትና ርስት አገኙ፤ ገበሬው ግን ያተረፈው ነገር አልነበረም። ልዩነቱ የሚገባው ከዚህ ነው።

ጋብቻና ስደትም ሰውን ያሻግራሉ። በትዳር ምክንያት አንዱ ወደ ሌላው እምነት የሚገባው አንዳንዴ በፍቅር፣ አንዳንዴም ልጆቹ በሁለት ቤት እንዳይከፈሉ በማሰብ ነው። ወደ ዐረብ አገሮች ለቤት ሠራተኝነት ከሚሄዱ ክርስቲያን ሴቶች መካከል ሥራ ለማግኘት የሙስሊም ስም የሚይዙ አሉ። አንዳንዷ ውሉን ጨርሳ ስትመለስ የቀድሞ ስሟን መልሳ ትይዛለች። ለሌላዋ ግን በዓመታት ብቸኝነት ውስጥ የጾመችውና የሰገደችው እውነተኛ እምነቷ ሆኖ ይቀራል። ከውጭ ሆኖ የትኛዋ ከልቧ እንደሆነች መፍረድ አይቻልም፤ መፍረድም ነውር ነው።

ከሃይማኖት ጨርሶ የሚወጡት ሰዎች ታሪክ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። የአሜሪካው ፒው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ያደጉበትን እምነት የተዉት ሰዎች አብዛኞቹ የተዉት 24 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ሃይማኖት አልባ ከሆኑት ብዙዎቹም ቀስ በቀስ እንደራቁ ተናግረዋል። ጸሎት ይቀንሳል፣ በዓል ይዘለላል፣ ጥያቄ ይጠራቀማል፤ አንድ ቀን ሰውዬው ከወጣ መቆየቱን ያስተውላል። የአገልጋዮች ገንዘብ ወዳድነት ወይም የዘር መድሎ የሚያሳዝነው ምእመንም አለ። እንዲህ ያለው ሰው በፈጣሪ ማመኑን ሳይተው ከቤተ እምነቱ ሊርቅ ይችላል። በኢትዮጵያ ደግሞ በ1960ዎቹ ብዙ ተማሪዎች በማርክሳዊ ትምህርት ሳቢያ ከእምነት ወጥተው ነበር። የደርግ ዘመን ሲያበቃ ከእነሱ መካከል ወደ ቤተ እምነት የተመለሱ አሉ።

የሚያስቀሩ ነገሮች ደግሞ ከሚያስወጡት አያንሱም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ማንም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ለብዙ ሰው ግን ከሕጉ ይልቅ የሚከብደው የእናት ዕንባ ነው። ከዕድር መገለል፣ ሠርግ ላይ አለመጠራት፣ ዘመድ ከሞተ በኋላ ለቅሶ ላይ እንደ ባዕድ መቀመጥም አለ። የመጀመሪያዎቹ ፕሮቴስታንቶች ሬሳቸው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይቀበር ተከልክለው ሌላ ቦታ የፈለጉበት ጊዜ ነበር። እምነቱን በልቡ ለውጦ ወላጆቹ እስኪሞቱ የሚጠብቅ ሰው ስላለ፣ ቆጠራ የሚመዘግበው ከእውነተኛው ለውጥ ሊያንስ ይችላል።

መንገዱም አንድ አቅጣጫ ብቻ የለውም። የኢትዮጵያ አይሁዳውያን የሆኑት ቤተ እስራኤሎች ካልተጠመቁ ርስት እንዳይወርሱ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ እንዳዘዙ ይተረካል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሚስዮናውያን መጡባቸው፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ደግሞ ብዙዎቹን በረኃብ አሳዶ ወደ ክርስትና ገፋቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ የእነዚህ ሰዎች ዘሮች ከጎንደር ገጠር ተነሥተው በጎንደርና በአዲስ አበባ ተሰባሰቡ፤ የአይሁድን ጸሎትና በዓላት እንደ አዲስ ተማሩ። ብዙዎቹ እስራኤል ከገቡ በኋላ በዚያ ባለው ሥርዓት ወደ አይሁድነት መመለሳቸውን በይፋ እንዲፈጽሙ ተጠይቀዋል፤ አያቶቻቸው በረኃብ ዘመን የተዉትን እምነት ልጆቻቸው ዛሬ በትምህርት ቤት ይማሩታል።