«ጭልፋ ምንድን ነው?»

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአጠና ተራ ብዙም በማይርቀው ሰፈራችን ያለው እድር በየወሩ ይሰበሰባል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዱ ስብሰባ ላይ የንብረት ቆጠራ ሲነበብ «አንድ ጭልፋ ጎድሏል» ተባለ። ገንዘብ ያዣችን፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው የ61 ዓመት ሰው፣ ከመዝገባቸው ቀና ብለው «ጭልፋ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጋሼ ጨዋታ አዋቂ ስለሆኑ የቀለዱ መስሎን ነበር። እርሳቸው ግን አልሳቁም።

ከዚያ ወዲህ በንግግራቸው ውስጥ «እንትን» እየበዛ ሄደ። «እንትኑን አቀብለኝ»፣ «ያ እንትን መጣ?» ማለት አዘወተሩ። ወሬ መነሳቱም አልቀረም፤ «ጃጁ» ያለም፣ «የሰው ዓይን ነው» ያለም ነበር። ልጆቻቸው ጠበል ወሰዷቸው። መጀመሪያ የታዩበት ክሊኒክ «የዕድሜ ጉዳይ ነው» ብሎ ቫይታሚን አዘዘላቸው። እድሩም «ገንዘባችን አደጋ ላይ ሳይወድቅ» በሚል ከኃላፊነታቸው አነሳቸው። እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነበርኩ። ሂሳቡ ሲመረመር ግን አንዲት ሳንቲም አልተዛነፈም።

ከአንድ ዓመት በላይ ከተንከራተቱ በኋላ አንድ የነርቭ ሐኪም በኤም አር አይ አስደግፎ የበሽታውን ስም ነገራቸው፦ ፕራይመሪ ፕሮግረሲቭ አፌዥያ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ያን ዕለት ያወጣሁት እጅ ስለቆረቆረኝ ጉዳዩን ሳነብና ስጠይቅ ቆይቻለሁ። የተረዳሁትን ለአንባቢ ላካፍል።

ለመሆኑ በሽታው ምንድን ነው?

አፌዥያ በአንጎል ጉዳት ምክንያት የሚመጣ የቋንቋ ችሎታ መጓደል ነው። በብዛት የሚታወቀው ከስትሮክ ጋር ተያይዞ ነው፤ ማታ በደህና ሲያወራ ያመሸ ሰው ጠዋት አፉ ተይዞ ይነሳል። የጋሼ ዓይነቱ ግን ድንገት አይመጣም። በወራትና በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይብሳል። ምክንያቱ የደም ሥር መዘጋት ሳይሆን የነርቭ ሕዋሳት ቀስ በቀስ መሞት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1892 የፕራጉ ሐኪም አርኖልድ ፒክ ንግግሩ እየጠፋ የሄደ አንድ ሕመምተኛን ታሪክ ጽፎ ነበር። ችግሩ ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ በሚገባ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በዚያ ዓመት በአሜሪካ የነርቭ ሐኪሙ ማርሴል ሜሱላም፣ ቋንቋቸው ለዓመታት እየተዳከመ ሌላው የአእምሮ ችሎታቸው በአመዛኙ ደህና የቆየ ስድስት ሕመምተኞችን ሁኔታ አሳተመ። የፊልም ተዋናዩ የብሩስ ዊሊስ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 አፌዥያ እንዳለበት፣ በየካቲት 2023 ደግሞ በሽታው ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ መሆኑን ሲያስታውቁ ብዙ ሰው ስሙን ሰማ። ይህ የበሽታ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ስለዚህ «እርጅና ነው» የሚለው መልስ ብዙውን ጊዜ ስህተት ነው።

ከአንድ ቦታ ወደ መረብ

በትምህርት ቤት የተማርነው ቋንቋ በአንጎል ውስጥ የራሱ «ክፍል» እንዳለው ነው። መነሻው የፈረንሳዩ ሐኪም ፖል ብሮካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 «ታን» ከምትል ድምፅ በቀር መናገር ያቃተው አንድ ሕመምተኛ ሲሞት፣ ብሮካ አንጎሉን መርምሮ በግራ በኩል ከግንባር ኋላ ያለው ክፍል መጎዳቱን አየ። ጀርመናዊው ካርል ቨርኒከ ደግሞ በ1874 ከግራ ጆሮ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ያለው ክፍል ሲጎዳ የሰሙትን መረዳት እንደሚያስቸግር አሳየ።

የብሮካ ሕመምተኛ አንጎል ፓሪስ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቶ ነበር። ተመራማሪዎች በኤም አር አይ አንስተውት እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱን ሲያሳትሙ፣ ጉዳቱ ብሮካ ከላይ ካየው እጅግ የጠለቀና ክፍሎቹን የሚያገናኙትን የነርቭ መስመሮች ጭምር የበጠሰ ሆኖ ተገኘ። የተጎዳው አንድ ክፍል ብቻ ሳይሆን ክፍሎችን የሚያያይዘው መንገድም ነበር ማለት ነው።

ይህን ለመረዳት የአዲስ አበባ ነዋሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። አንድ ፌዝ ሲጠፋ የእኛ ቤት ይጨልማል፤ አጥር የሚጋራን ጎረቤት መብራት አለው፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቤት ደግሞ እንደኛው ጨለማ ነው። የጨለሙት ቤቶች በአንድ መስመር ላይ ያሉት ናቸው እንጂ የግድ ጎን ለጎን ያሉት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2009 በካሊፎርኒያ ዊሊያም ሲሊና ባልደረቦቹ አምስት የአንጎል መሟሸሽ በሽታዎችን መርምረው ተመሳሳይ ነገር አገኙ። እያንዳንዱ በሽታ የሚያሟሽሸው ክፍሎችን በዘፈቀደ አይደለም፤ በጤነኛ ሰው አንጎል ውስጥ አብረው የሚሠሩትን፣ የአንድ መረብ አባላት የሆኑትን ነው። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ቅርጻቸው የተበላሸ ፕሮቲኖች ከአንዱ ሕዋስ ወደ ተያያዘው ሌላ ሕዋስ በመስመሩ ይሻገራሉ።

ሦስት ዓይነት የቃል መጥፋት

የትኛው መረብ እንደተጠቃ የሚነግረን ንግግሩ የተበላሸበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ባለሙያዎች በሽታውን በሦስት ከፈሉት።

የመጀመሪያው ትርጉም የሚጠፋበት ነው። በአብዛኛው ከግራ ዓይን ኋላ፣ ከጆሮ ወደ ፊት ያለው የአንጎል ጫፍ ይሟሽሻል። ይህ ጫፍ ስለ አንድ ነገር በዓይን፣ በጆሮና በእጅ ያወቅነው ሁሉ የሚገናኝበት መናኸሪያ ነው። ሕመምተኛው አቀላጥፎ ያወራል፤ ግን «ጃርት» ሲባል ምን እንደሆነ ይጠይቃል። መጀመሪያ የሚሄዱት ብዙ የማንጠቀምባቸው ቃላት ናቸው። ጃርት «አይጥ» ይሆናል፣ ቆይቶ «እንስሳ»፣ በመጨረሻም «እንትን»።

ሁለተኛው ንግግር የሚከብድበት ነው። የሚጎዳው ብሮካ ያመለከተው የግራ ግንባር አካባቢ ነው። ሰውየው የቃሉን ትርጉም ያውቃል፤ አፉ ግን ይታገላል፣ ሰዋስውም ይፈርሳል። በአማርኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «አልነገረችኝም» በምትለው አንዲት ቃል ውስጥ ማን፣ ለማን፣ መቼ እንደሆነና አሉታው ሁሉ ተጭነዋል።

ሦስተኛው ቃል ፍለጋ መቆም የሚበዛበት ነው። ሰውየው ቃሉን ቢነግሩት «አዎ! እሱ!» ይላል፤ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ግን ሰምቶ መድገም ያቅተዋል። ጉዳቱ ከግራ ጆሮ በላይ ወደ ኋላ ነው። የዚህ ዓይነቱ መንስኤ በአብዛኛው የአልዛይመር በሽታ ነው።

ጋሼ የመጀመሪያው ዓይነት ነበሩ። ባለቤታቸው በልጅነት ቋንቋቸው በጉራጊኛ ቢጠይቋቸውም ጭልፋን አላወቁትም፤ የጎደለው የአማርኛው ቃል ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱ ራሱ ነበርና። ታዲያ ሂሳባቸው እንዴት ተረፈ? ቁጥርን በዋናነት የሚይዘው መረብ በአናት በኩል ወደ ኋላ ያለ ሌላ መስመር ስለሆነ ነው። እነሆ፣ እኛ ጃጁ ብለን ያነሳናቸው ሰው ለያዙት ሥራ የሚያስፈልጋቸው ችሎታ ያን ጊዜ አልተነካም ነበር።

ፈተናውም የእኛ ይሁን

በእንግሊዝኛ ይህን የመጀመሪያውን ዓይነት ለመለየት ከሚረዱት መንገዶች አንዱ አጻጻፋቸውና አነባበባቸው የማይገጥም ቃላትን ማስነበብ ነው። ፊደላችን ግን በአብዛኛው እንደተጻፈ ስለሚነበብ ጋሼ ያልገባቸውን ቃል እንኳ ጮክ ብለው በትክክል ያነቡ ነበር። ይልቁንም የእኛ ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው የሚለየው በትርጉም ነው። ለአማርኛ የሚስማማ ፈተና ሲዘጋጅ ከዚህ ቢነሳ መልካም ይመስለኛል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሁን በአገር ውስጥ እየወጡ ነው።

ምን እናድርግ?

በሽታውን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት ግን አይደለም። የንግግር ሕክምና፣ ሥዕልና ፎቶግራፍ ያለበት ደብተር፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችና ትዕግሥት የቀረውን ችሎታ ያቆያሉ። ቤተሰብም ሐኪም ዘንድ ሲሄድ «ይረሳል» ብሎ ባያበቃ ይመረጣል። ቃሉ ሲነገረው ያውቀዋል ወይስ ትርጉሙን ይጠይቃል? አፉ ይታገላል ወይስ ይቀላጠፋል? ድንገት ጀመረ ወይስ ቀስ በቀስ? እነዚህ መልሶች ሐኪሙን ወደ ትክክለኛው መስመር ይመሩታል። ድንገት የጀመረ ከሆነ ግን ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ሰዓት ሳይባክን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

እውነቱን ለመናገር፣ በሽታው በመነሻው አይቆምም። ጉዳቱ ወደ ቀኙ የአንጎል ክፍልና ወደ ግንባር ሲዘልቅ ጠባይና ፍርድም ይለወጣሉ። ስለዚህ እድሩ ስለ ገንዘቡ ማሰቡ ክፋት አልነበረም። ጥፋታችን ሰውየውን ሳንጠይቅ፣ ምን እንደቀራቸው ሳናይ መወሰናችን ነው። ሁለተኛ ፈራሚ ጎናቸው ብናስቀምጥ ይበቃ ነበር።

በኋላ ይቅርታ ጠየቅናቸው። ለአንድ ዓመት ያህል ከአንዲት ወጣት የእድሩ አባል ጋር ሆነው ሂሳቡን ሠሩ፤ እሷ ታወራለች፣ እርሳቸው ይደምራሉ። ዛሬ ጋሼ ብዙ አይናገሩም። ባለፈው እሁድ ልጠይቃቸው ሄጄ ስሜን አልጠሩትም፤ እጄን ግን ጨብጠው ለረጅም ጊዜ ያዙት። ያው፣ ያን ዕለት ያወጣሁትን እጅ።