ባዶ ቅርፊት በቢሊዮን ዶላር

ውስጡ ባዶ የሆነ ዕቃ በውድ ዋጋ ይሸጣል ቢባል የመርካቶ ነጋዴ ‹‹ማጭበርበር ነው›› ማለቱ አይቀርም። በክትባት ገበያ ግን ዕቃው የሚፈለገው ባዶ በመሆኑ ነው። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ጋርዳሲል የተባለው ክትባት እ.ኤ.አ. በ2023 ለአሜሪካው መርክ ኩባንያ 8.9 ቢሊዮን ዶላር ሽያጭ ያስገኘው የቫይረስ ባዶ ቅርፊት ተሽጦ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫይረስ የመባዣ ዘሩንና ዘሩን የሚሸፍነውን የፕሮቲን ቅርፊት የያዘ ነው። በሽታ የሚያመጣው ዘሩ ሴል ውስጥ ገብቶ ሲባዛ ሲሆን፣ የሰውነት መከላከያ ጠላቱን የሚለየው ግን በቅርፊቱ ነው። ስለሆነም ቅርፊቱን ብቻ አምርቶ መስጠት ከተቻለ ሰውነት ሳይታመም መከላከያውን ያዘጋጃል። ከእርሾ የተገኘ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ሲፈቀድ መንገዱ ተከፍቷል።

እ.ኤ.አ. በ1991 በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ኢያን ፍሬዘርና ጂያን ዡ የካንሰሩን መንስኤ የኤች.ፒ.ቪ. ቫይረስን ቅርፊት ለመሥራት የሚያስችለውን ዘዴ አገኙ። ኤል-1 የተባለው ፕሮቲን በብዛት ሲመረት 360 የሚሆኑት ራሳቸው ተገጣጥመው ከ50 እስከ 60 ናኖሜትር ስፋት ያለው ድቡልቡል ቅንጣት ይሠራሉ። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። መርክ ፕሮቲኑን የሚያመርተው በእርሾ ሲሆን፣ የእንግሊዙ ጂ.ኤስ.ኬ. ደግሞ በነፍሳት ሴል ያመርታል።

ግኝቱ እንደተሰማ የባለቤትነት ሙግት ተነሣ። ከኩዊንስላንድ ሌላ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋምና ሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ‹‹ቀዳሚዎቹ እኛ ነን›› አሉ። ሁለቱ ኩባንያዎች ግን ፍርድ አልጠበቁም። እ.ኤ.አ. በ2005 አንዱ የሌላውን መብት እንዲጠቀም ተስማሙ፤ ጋርዳሲልም በ2006 ገበያ ላይ ዋለ። የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት ለፍሬዘር የፈረደው ከዚያ በኋላ በ2007 ነው።

ዋጋው መጀመሪያ በአሜሪካ ለአንድ መርፌ 120 ዶላር፣ ለሦስቱ 360 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን ለድሃ አገሮች ክትባት የሚያስገዛው ጋቪ ያንኑ ክትባት በ4.50 ዶላር ተዋዋለ። ዕቃው አንድ ሆኖ ዋጋው ይህን ያህል የተራራቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ሥራ ገንዘብ የሚበላው ምርምሩ፣ ፋብሪካውና የጥራት ፈቃዱ ነው። ይህ ወጪ አንዴ ከወጣ በኋላ ተጨማሪ መርፌ ማምረት ብዙ አይጠይቅም። ስለዚህ ሻጩ ሀብታሙን በአቅሙ አስከፍሎ ለድሃው በርካሽ ቢሸጥም አይከስርም።

ርካሽ ዋጋ ብቻውን ግን ዕቃውን አያስገኝም። ኢትዮጵያ ክትባቱን በ2011 ዓ.ም. ስትጀምር በዓለም ገበያ እጥረት ስለነበረ ዕድሉን ያገኙት የ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ ነበሩ። በአገራችን የማሕፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃ ካንሰር በመሆኑ፣ የሻጮች ማነስ የሚያስከፍለው በገንዘብ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ገበያው ተለውጧል። ቅርፊቱን በባክቴሪያ የሚያመርተው የቻይናው ኢኖቫክስ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅትን የጥራት ማረጋገጫ አግኝቶ ለጋቪ በ2.90 ዶላር ለማቅረብ ተስማምቷል። በ2022 ድርጅቱ ለልጃገረዶች አንድ መርፌም ሊበቃ እንደሚችል በማስታወቁ ያው ክምችት ለብዙ ሰው መድረስ ቻለ። በየካቲት 2025 ደግሞ መርክ በቻይና ፍላጎት ቀዝቅዞ ክትባቱ በመጋዘን ስለተከማቸ ጭነቱን ለጊዜው ማቆሙን ሲገልጽ የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን 9 በመቶ ያህል ወረደ።

የቅርፊት ገበያ ከሌላው ገበያ የተለየ ሕግ የለውም። ሻጭ ሁለት ብቻ ሲሆን ገዥ ተራ ይጠብቃል፤ ሦስተኛው ሲመጣ ዋጋ ይወርዳል። በዚህ ገበያ ግን ተራ የምትጠብቀው ልጅ ዕድሜዋ ያልፋል።