ጨለማ ፈላጊ መስታወቶች

(ድምፅ፦ የሜዳ ነፋስ፤ ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር)

ተራኪ፦ ከናሚቢያ ዋና ከተማ ከዊንድሁክ በስተደቡብ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ከፍ ያለ ደረቅ ሜዳ ነው፤ የከተማ መብራት አይደርስበትም። ጨረቃ በሌለችበት ጥርት ያለ ሌሊት አምስት ግዙፍ ቴሌስኮፖች እዚህ ሥራ ይጀምራሉ። አራቱ በአንድ ካሬ አራት ማዕዘኖች ላይ ቆመዋል። መሐላቸው ያለው እ.ኤ.አ. በ2012 የተጨመረ ሲሆን፣ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር 28 ሜትር ነው። ጣቢያው ሔስ ይባላል፤ በኦስትሪያዊው ፊዚሲስት በቪክቶር ሔስ ስም።

(ድምፅ፦ የገመድ ሲጥሲጥታ፣ የከፍታ ነፋስ)

ተራኪ፦ በ1912 የብዙ ሊቃውንት እምነት፣ አየሩ ውስጥ የሚለካው ጨረር ከአለትና ከአፈር ይወጣል የሚል ነበር። እንዲያ ከሆነ ከመሬት በራቁ ቁጥር ሊቀንስ ይገባል። ሔስ ኦገስት 7 ቀን መለኪያዎቹን ይዞ በባሉን ከ5,000 ሜትር በላይ ወጣ። ጨረሩ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ከፀሐይ ይሆን? ያንንም አስቀድሞ በኤፕሪል ወር፣ በፀሐይ ግርዶሽ ሰዓት አየር ላይ ሆኖ ፈትሾታል፤ ለውጥ አላየም። እንግዲህ ምንጩ ከሕዋ ነው። ኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1936 ነው፤ ሸላሚዎቹ አልተቻኮሉም።

ከየትኛው የሕዋ ክፍል? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከሕዋ የሚመጣው ይህ ጨረር፣ ኮስሚክ ጨረር የሚባለው፣ በአብዛኛው ፕሮቶን ነው፤ ኤሌክትሪክ ስላዘለ በከዋክብት መካከል ያለው መግነጢሳዊ መስክ መንገዱን ያጣምመዋል። በገበያ ግርግር ተገፍቶ የወጣ ሰው በየት በኩል እንደገባ ከአወጣጡ አይታወቅም፤ ፕሮቶኑም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ፕሮቶን ከሕዋ ጋዝ ጋር ሲጋጭ ጋማ ጨረር ይወለዳል። ጋማ ኤሌክትሪክ ስለሌለው ቀጥ ብሎ ይመጣል።

ቀጥ ብሎ ይምጣ እንጂ መሬት አይደርስም፤ ከባቢ አየር ያስቀረዋል። እንቅፋት ይመስላል፤ የዚህ ሙያ ትልቁ ብልሃት ግን አየሩን ራሱን መሣሪያ ማድረጉ ነው። ጋማው አየሩን ሲመታ የጥቃቅን ቅንጣቶች ዶፍ ይፈጠራል። ቅንጣቶቹ ብርሃን በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት በልጠው ስለሚወርዱ ደብዛዛ ሰማያዊ ብልጭታ ይተዋሉ፤ ቼሬንኮቭ ብርሃን ይሉታል። የሚቆየው ጥቂት ቢሊዮንኛ ሰከንድ ነው። ቴሌስኮፖቹ ያንኑ ብልጭታ ከተለያየ ማዕዘን አንስተው አቅጣጫውን ያሰላሉ። አብዛኛው ብልጭታ ግን የጋማ ሳይሆን የፕሮቶን ነው። የሚለዩት በቅርጹ ነው፦ የጋማው ምስል ጠባብና የተስተካከለ፣ የፕሮቶኑ የተበታተነ። ይህ የማበጠር ሥራ ከመስታወቱ ግዝፈት ይልቅ ያስደንቀኛል።

(ሙዚቃ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ)

ተራኪ፦ በ2004 የሔስ ጣቢያ የአንድን ፈንድቶ የሞተ ኮከብ ቅርፊት በጋማ ጨረር አሳየ። በ2016 ደግሞ ከፍኖተ ሐሊብ እምብርት፣ ከግዙፉ ጥቁር ጉድጓድ አካባቢ፣ በጄኔቫው ታላቅ የቅንጣት ማፋጠኛ ከሚደረስበት ከመቶ እጥፍ በላይ ጉልበት ያላቸው ፕሮቶኖች እንደሚነሡ የሚያመለክት ማስረጃ አቀረበ።

ከዚያም የባሱ አሉ። በአርጀንቲና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነው የፒየር ኦዤር ጣቢያ፣ እጅግ ኃይለኞቹ ኮስሚክ ጨረሮች ከእኛ ጋላክሲ ውጭ እንደሚመጡ በ2017 አስታውቋል። ከየትኞቹ ጋላክሲዎች እንደሚነሡ ግን እስካሁን አልተረጋገጠም።