የፀደይ የበረዶ ናዳ በአልፕስ ተራሮች

የበረዶ ናዳ በተራራ ገደል ላይ የተከመረ በረዶ ድንገት ለቆ ቁልቁል ሲወርድ የሚደርስ አደጋ ነው። ሰፊው ናዳ በአብዛኛው የሚነሣው ከ30 ዲግሪ በላይ ካዘቀዘቀ ተዳፋት ነው። በአልፕስ ተራሮች በአውሮፓ ክረምት የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ነፋስ የቆለለው አዲስ በረዶ ከሥሩ ካለው ልል ንብርብር ጋር በደንብ ስለማይያያዝ ተሰንጥቆ ይሄዳል። ከመጋቢት ወዲያ ፀሐይ ስትበረታ ግን ናዳውን የሚያስነሣው በዋናነት ውሃ ነው።

ከላይ የቀለጠው በረዶ ወደ ውስጥ እየሰረገ የሚያገኘውን ሁሉ ወደ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቀዋል። ክምሩ ከላይ እስከ ታች እዚህ ሙቀት ላይ ሲደርስ ቅንጣቶቹን ያያያዘው ነገር ይላላል። ውሃው በመንገዱ ጠጣር ቅርፊት ካጋጠመው እዚያው ይጠራቀምና መንሸራተቻ ይሆናል። እርጥብ ናዳ ከደረቁ ይልቅ ዝግ ይላል፤ ክብደቱ ግን ዛፍ ይነቅላል።

በዚህ ወቅት ከቀኑ ሙቀት በፊት መጠየቅ ያለበት ያለፈው ሌሊት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ካደረ በረዶው ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚለቅ፣ አየሩ ከ0 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ቢል እንኳ ገጹ ይረጋል፤ ጠዋት ሰው ቢሄድበት አይሰምጥም። ደመና ሸፍኖት ካደረ ግን እንደራሰ ይነጋል፣ አደጋውም ገና በማለዳ ይጀምራል።

ፀሐይ መጀመሪያ የምታገኘው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረውን ተዳፋት ነው፤ ከዚያ ደቡቡን፣ ከሰዓት በኋላ ምዕራቡን። ሰሜኑ ግን ለሳምንታት የክረምት ጠባዩን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ጥቁር ቋጥኝ ሙቀት ስለሚስብ ዙሪያው ያለው በረዶ ቀድሞ ይለሰልሳል፤ ከሥሩ ትናንሽ ድቡልቡሎች እየተንከባለሉ መውረድ ሲጀምሩ፣ እግርም ከቁርጭምጭሚት በላይ ሲሰምጥ፣ ከተዳፋቱ መውጫው ሰዓት ደርሷል። የተራራ ስኪ ተጓዦች ከማደሪያቸው ሳይነጋ ተነሥተው ቀትር ሳይደርስ የሚመለሱት ለዚህ ነው። አንዳንዴ ከሰሃራ በነፋስ የሚመጣ ቀላ ያለ አቧራ በረዶውን ያጠቁረዋል፤ ያን ጊዜ መቅለጡ ይፋጠናል።

በስዊዘርላንድ ማስጠንቀቂያውን የሚያወጣው ዳቮስ የሚገኘው የበረዶና የናዳ ምርምር ተቋም ነው። አውሮፓውያን ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጋራ የሚጠቀሙበት መለኪያ 5 ደረጃዎች አሉት። በፀደይ ለአንድ ቀን ሁለት ግምት ሊሰጥ ይችላል፤ ጠዋት ደረጃ 1 የነበረው ከሰዓት በኋላ 3 ይሆናል።

ሰዓት የማይገዛው አንድ ዓይነት ናዳም አለ። ሣር በለበሰ ለስላሳ መሬት ላይ ክምሩ በሙሉ ከሥሩ ሲንሸራተት ገጹ ላይ አፉን የከፈተ ስንጥቅ ይታያል። ከዚያ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ሊወርድ ይችላል፣ በሳምንታትም፣ ወይም ጨርሶ ላይወርድ ይችላል፤ ሌሊትም ቢሆን ይወርዳል። ባለሙያም ጊዜውን አይተነብይም፤ የሚመክረው ሰው ከስንጥቁ በታች እንዳይቆም ነው።

ናዳው ሲቆም በረዶው እንደ ሲሚንቶ ስለሚጠጥር የተቀበረ ሰው ራሱን ማውጣት አይችልም። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ከተቆፈረ የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ በአየር እጥረት በፍጥነት ያሽቆለቁላል። የነፍስ አድን ቡድን በሄሊኮፕተር እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ከዚህ በላይ ስለሚፈጅ፣ እያንዳንዱ ተጓዥ የሬዲዮ ምልክት የሚሰጥና የሚቀበል መሣሪያ፣ በረዶ ውስጥ የሚሰካ ረጅም መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ይይዛል።