ያዘነ ላዘነ፦ ራሱን ያጠፋ ዘመድ ላጡ ሰዎች የሚደረግ የአቻ ድጋፍ

የአቻ ድጋፍ የሚባለው አንድን መከራ በራሳቸው ሕይወት ያዩ ሰዎች ያው መከራ አዲስ ለደረሰበት ሰው፣ እንደ ሐኪም ወይም እንደ ካህን ሳይሆን እንደ ባልንጀራ ሆነው የሚሰጡት እገዛ ነው። ከዚህ እገዛ ዘርፎች መካከል ለመዘርጋት እጅግ አስቸጋሪ ከሆኑት አንዱ የሚወዱት ሰው ራሱን በማጥፋቱ ሐዘን ላይ ለወደቁ ሰዎች የሚደረገው ሲሆን፣ ችግሩም ድጋፉ በጣም የሚያስፈልገው ሰው ድጋፍ ፍለጋ ከቤቱ አለመውጣቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ከ720,000 የሚበልጡ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ በአሜሪካ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጁሊ ሴሬልና ባልደረቦቿ ደግሞ እንዲህ ያለ አንድ ሞት ሟቹን ያውቁ የነበሩ ወደ 135 የሚጠጉ ሰዎችን እንደሚነካ አስልተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ሞቱ ኑሯቸውን ከሥሩ የሚያናጋባቸው ጥቂቶቹ ቢሆኑም፣ በዓለም ደረጃ ሲደመሩ ቁጥራቸው በሚሊዮኖች የሚገመት ነው።

የዚህ ሐዘን ጠባይ ከሌላው ሐዘን ይለያል። በሕመም ወይም በአደጋ የሞተ ሰው ቤተሰብ የሞቱን ምክንያት ከሐኪም ወይም ከፖሊስ ሰምቶ ይቀበላል፤ ራሱን ያጠፋ ሰው ቤተሰብ ግን «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊሰጠው የሚችለው ሟቹ ብቻ በመሆኑ፣ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ንግግርና ዝምታ እየመረመረ፣ ያልተነሣ ስልክን፣ በቁጣ የተነገረን ቃል፣ ሳይታወቅ የታለፈን ምልክት የሞቱ መንስኤ አድርጎ ራሱን ይከሳል። አንድ ሰው ወደዚህ የሚደርሰው በአብዛኛው የአእምሮ ሕመም፣ የኑሮ ጫና፣ የተስፋ ማጣትና ሌሎች ምክንያቶች ተደራርበውበት ስለሆነ ክሱ ትክክል አይደለም፤ ይሁን እንጂ ትክክል አለመሆኑን በማስረዳት ብቻ ሐዘንተኛውን ማሳረፍ አይቻልም። ከጸጸቱ ጋር በሟቹ ላይ የሚነሣ ቁጣ ይመጣል፤ ለዓመታት ሲያስታምም በኖረ ቤተሰብ ዘንድ ደግሞ የዕረፍት ስሜት አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ ሁለቱም በለቅሶ መካከል የማይነገሩ በመሆናቸው በውስጥ ተቀብረው ይቀራሉ። በብሪታንያ 3,432 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና ሠራተኞችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዘመዳቸውን ወይም ጓደኛቸውን በዚህ መንገድ ያጡ ሰዎች፣ በድንገተኛ የተፈጥሮ ሞት ካጡት ይልቅ ራሳቸውም ሕይወታቸውን ለማጥፋት የመሞከራቸው ዕድል በ65 በመቶ የበለጠ ነበር። አብዛኞቹ ሐዘንተኞች ወደዚያ ባይደርሱም፣ እነርሱን መደገፍ ለሚቀጥለው ሞት መከላከያ ጭምር መሆኑን ይህ ቁጥር በግልጽ ያሳያል።

ሐዘንተኛውን ዝም ያሰኘው የሰው ወሬ ብቻ ሳይሆን ሕግም ነው። በእንግሊዝ አገር ራሱን ያጠፋ ሰው እንደ ወንጀለኛ ይቆጠር ስለነበር ንብረቱ ለዘውዱ የሚወረስበት ሕግ እስከ 1870 ቆይቷል፤ አስከሬኑን በመንገድ መገናኛ ላይ የመቅበር ልማድ በሕግ የቀረው በ1823 ሲሆን፣ ድርጊቱ ከወንጀልነት የተሰረዘው ደግሞ ገና በ1961 ነው። ቅጣቱ የሚታወጀው በሟቹ ስም ቢሆንም ሸክሙ የሚያርፈው በመበለቲቱና በልጆቹ ላይ ነበረ።

ለእነዚህ ቤተሰቦች የሚደረገው እንክብካቤ ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ የሆነው በአሜሪካ ነው። ኤድዊን ሽናይድማን፣ ኖርማን ፋርቤሮውና ሮበርት ሊትማን የተባሉት ባለሙያዎች በ1958 በሎስ አንጀለስ ራስን ማጥፋትን የመከላከል ማዕከል የከፈቱ ሲሆን፣ ሽናይድማን ቆይቶ ከሞት በኋላ ለቀሩት ሰዎች የሚደረገውን ድጋፍ «ፖስትቬንሽን» ብሎ በመሰየም ከመከላከል ሥራ እኩል ቦታ እንዲሰጠው ተከራክሯል። በዚሁ ማዕከል በ1981 የተጀመረው የሐዘንተኞች ቡድን ለስምንት ሳምንት በየሳምንቱ የሚሰበሰብና በአንድ የሥነ ልቦና ባለሙያና ቀደም ሲል በዚያው ሐዘን ባለፈ አንድ ሰው በጋራ የሚመራ ነበር። በብሪታንያ በ1991 የተመሠረተው «ሰርቫይቨርስ ኦፍ ቢሪቭመንት ባይ ሱሳይድ» የተባለው ድርጅት ደግሞ ቡድኖቹን ሐዘኑ የደረሰባቸው ሰዎች ራሳቸው የሚመሩበትን መንገድ መርጧል።

ቡድኖቹ በአሠራር ሁለት ዓይነት ናቸው። ዝግ የሚባለው አባላቱ አብረው ጀምረው አብረው የሚጨርሱት ሲሆን፣ ክፍት የሚባለው ግን ዓመቱን ሙሉ፣ ብዙውን ጊዜ በወር አንድ ወይም ሁለት ቀን የሚካሄድና ማንም በፈለገው ጊዜ የሚገባበት ነው። ክፍቱ ቡድን ለመምራት የሚከብድ ቢሆንም ዝጉ ሊሰጠው የማይችለው አንድ ጥቅም አለው፤ ከተቀበረ ወር ያልሞላው ልጅ እናት፣ ከአምስት ዓመት በፊት ተመሳሳይ ሞት ከደረሰባትና ዛሬ ግን ሥራዋን ከምትሠራ፣ ከምትስቅ፣ የልጇንም ስም ሳትሳቀቅ ከምትጠራ ሌላ እናት አጠገብ ትቀመጣለች። «አንድ ቀን ይቀልልሻል» የሚለውን ቃል ከባለሙያ አፍ ሰምታ ያላመነች እናት ይህንን በዓይኗ ታያለች፤ የአቻ ድጋፍ ዋና ኃይልም እዚህ ላይ ነው።

አወያዩ ስብሰባውን የሚከፍተው ደንቦቹን በመናገር ነው። በክፍሉ የተነገረ ነገር ከክፍሉ አይወጣም፤ ማንም ሰው እንዲናገር አይገደድም፤ የአንዱ ሐዘን ከሌላው ሐዘን ጋር አይመዛዘንም፤ ስለ አሟሟቱ ዘዴ ዝርዝር አይነገርም፤ ይህም የመጨረሻው ደንብ የሚሰማውን ሰው ከሚያሳድድ ምስል ለመጠበቅና ለአደጋ የቀረበ ሰው ካለም ለእርሱ በመጠንቀቅ የተደረገ ነው። ምክር መስጠትም የተከለከለ ያህል ነው፤ አንዱ ሌላውን «እንዲህ አድርግ» ከማለት ይልቅ እርሱ ያደረገውን ይናገራል። የሚነሡት ጉዳዮች ከውጭ ላለ ሰው ትንንሽ ሊመስሉ ይችላሉ፦ የስድስት ዓመት ልጅ አባቱ እንዴት እንደሞተ ሲጠይቅ እውነቱ በምን ቃል ይነገረው? የማያውቁት ሰው «ስንት ልጆች አሉሽ?» ሲል የሞተው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? የሟቹ ክፍል መቼ ይከፈት? ለእነዚህ ጥያቄዎች ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ መልስ ያለው ጥያቄው ደርሶበት ያለፈው ሰው ነው። አወያዩ በበኩሉ ከተሳታፊዎቹ መካከል የራሱ ሕይወት አደጋ ላይ የወደቀ መኖሩን ይከታተላል፤ ምልክቱን ሲያይም ሰውየውን ለብቻው አነጋግሮ ወደ ሐኪም ያደርሰዋል፤ ቡድኑ ሕክምናን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለምና።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ሐዘንተኛው በራሱ እግር ሲመጣ ነው። በሉዊዚያና ግዛት በባተን ሩዥ ከተማ የቀውስ ጊዜ እርዳታ ማዕከል ይመራ የነበረው ፍራንክ ካምቤል፣ ወደ ማዕከሉ የሚመጡት ሐዘንተኞች ከሞቱ በኋላ በአማካይ አራት ዓመት ተኩል ያህል ቆይተው እንደሚመጡ አስተዋለ። እነዚህ ዓመታት ትዳር የሚፈርስባቸው፣ መጠጥ የሚለመድባቸው፣ ልጆች ከትምህርት የሚቀሩባቸው ዓመታት ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ካምቤል በ1990ዎቹ መጨረሻ ነገሩን ገልብጦ ድጋፉ ራሱ ወደ ሐዘንተኛው የሚሄድበትን ቡድን አቋቋመ። በእንግሊዝኛ ስሙ በአጭሩ «ሎስ» የሚባለው ይህ ቡድን የሠለጠኑ ባለሙያዎችንና ራሳቸው በዚህ ሐዘን ያለፉ በጎ ፈቃደኞችን የያዘ ነው። ድንገተኛ ሞትን መርምሮ ምክንያቱን የሚወስነው ሹም፣ ማለትም ኮሮነሩ፣ ሲደውል የቡድኑ አባላት ሞቱ ወደ ደረሰበት ስፍራ ይሄዳሉ።

በዚያ ሰዓት ቤቱ የሐዘን ቤት ከመሆኑ በፊት የምርመራ ስፍራ ነው፤ ፖሊስ በሩን ይዞ ቆሟል፣ ቤተሰቡ ከራሱ ክፍል እንዲወጣ ተደርጓል፣ የሚጠየቀውም ጥያቄ የሚያጽናና አይደለም። የቡድኑ አባላት በምርመራው ጣልቃ ሳይገቡ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጣሉ፤ ፖሊሱና ኮሮነሩ የሚሠሩትን ይገልጻሉ፣ አስከሬኑ ወዴት እንደሚወሰድ ይነግራሉ፣ ለልጆቹ ማን ምን እንደሚላቸው አብረው ያስባሉ፣ የድጋፍ ቡድኖቹንም አድራሻ በጽሑፍ ትተው ይሄዳሉ። በጎ ፈቃደኛው ስለ ራሱ ብዙ አይናገርም፤ እርሱም በዚሁ መንገድ የሚወደውን ማጣቱን ቤተሰቡ ማወቁ በአብዛኛው ይበቃል። የቡድኑን ሥራ የገመገመው ጥናት እንደዘገበው፣ እንዲህ የተጎበኙት ሐዘንተኞች ወደ ማዕከሉ የመጡት በአማካይ በ39 ቀን ውስጥ ነበር። የተጎበኙትና ያልተጎበኙት ሰዎች በዕጣ የተከፋፈሉ ስላልነበሩ ልዩነቱን ሁሉ ለጉብኝቱ መስጠት ባይቻልም፣ የአራት ዓመት ተኩል መጠበቅ ወደ ስድስት ሳምንት መውረዱ በቀላሉ የሚታይ ውጤት አይደለም፤ አሠራሩም ወደ ሌሎች የአሜሪካ ግዛቶችና ወደ ሌሎች አገሮች ተዛምቷል።

የአቻ ድጋፍ ወሰንም አለው። በጥብቅ ንጽጽር የተደረጉ ጥናቶች ጥቂት ናቸው፤ ለሌሎች ከመቆሙ በፊት የራሱ ሐዘን ያልሰከነ በጎ ፈቃደኛ ሳያስበው ራሱንም ሐዘንተኛውንም ሊጎዳ ስለሚችል፣ ድርጅቶቹ ከሞቱ በኋላ በቂ ጊዜ ያላለፈበትን ሰው ለዚህ ሥራ አይቀበሉም። አስከሬኑን ራሱ ያገኘና ያ ምስል ቀንና ሌሊት የሚመላለስበት ሰውም ከቡድን በፊት የአእምሮ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

ኢትዮጵያውያን በበኩላቸው ካምቤል ከኮሮነር በስልክ ይጠብቀው የነበረውን ዓይነት ጥሪ አያጡትም፤ የእድር ጥሩምባ እንደተነፋ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። የጎደለው ሌላው ግማሽ፣ ማለትም እውነቱን ሰምቶ በዚያው ሐዘን ያለፈ ሰው የሚሰጠው ድጋፍ ነው። ራሱን ላጠፋ ሰው ጸሎተ ፍትሐት የሚከለክለው የቆየ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትና የሰው ወሬ የሚያሳድሩት ፍርሃት ተደምረው ብዙ ቤተሰብ ሞቱን «ድንገት አመመው» ብሎ ስለሚሸፍን፣ ለቅሶ ደራሹ የሚያጽናናው ያልሆነውን ሞት ነው፤ እውነተኛው ሞት የቤተሰቡ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በውጭ አገር በሚኖሩት ዘንድም፣ ሁሉም በሚተዋወቅበት ትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ምስጢር አይጠበቅም የሚለው ስጋት እዚያ ያለውን የድጋፍ ቡድን እንኳ ያስቀራል። ብዙ አባወራ ባለው እድር ውስጥ ይህን ሐዘን ቀደም ብሎ አይቶ ለማንም ያልተናገረ ሰው ሊኖር ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሰው ፈቅዶና ሠልጥኖ፣ ለቀስተኛው ከተበተነና ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ከአንድ የጤና ባለሙያ ጋር ወደዚያ ቤት የሚገባበትን ሥርዓት ለመጀመር አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም፤ የእድሩ ሽማግሌዎች ፈቃድና የሁለት ሰዎች ምስጢር ጠባቂነት ይበቃዋል።