በወንዝ ዳር ስለምትነክሰው ጥቁር ዝንብ

ከሀዲያና ከከምባታ የእንሰት ደጋ ተነሥቶ፣ ከሆሳዕና በስተ ምዕራብ ወደ ጊቤ ወንዝ ቆላ የሚወርድ ሰው ወባን መፍራቱ የታወቀ ነው። እኛ ግን ዛሬ ለቤተ ሰብ ወላጆች የምንጽፈው ከስንዴ ፍሬ ስለምታንስ ጐባጣ ጥቁር ዝንብ ነው። ሊቃውንት ነገድዋን ሲሙሊዴ ይሉታል።

ይህች ዝንብ እንደ ወባ ትንኝ የረጋ ውሃ አትወድም፤ ዕንቁላልዋን የምትጥለው ከድንጋይ ጋር እየተጋጨ በሚፈስስ ወንዝ ነውና ረግረግ ማድረቅ አያጠፋትም። የምትነክሰውም በቀን ስለሆነ የሌሊት አጎበር አይከላከላትም።

ደም የምትመጠው ሴቲቱ ብቻ ስትሆን፣ ከታመመው ወደ ጤነኛው የምታሻግረው ቀጭን ትል ኦንኮሰርካይሲስ የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ትሉ በሰው ገላ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኖራል፤ ልጆቹም ከቆዳ ሥር ሲሞቱ ብርቱ ማሳከክ ያመጣሉ፣ ዓይን ውስጥ ሲገቡ ያሳውራሉ። በሀገራችን ከዓይኑ ይልቅ የቆዳው ጉዳት ይበዛል። ይህን ከሥጋ ደዌ ጋር አደባልቆ ጎረቤትን ከማዕድ ማራቅ ግን ትልቅ በደል ነው፤ በሽታው በመጨባበጥም ሆነ አብሮ በመብላት አይተላለፍምና።

መድኀኒቱ አይቨርሜክቲን ይባላል፤ ከጃፓን አፈር ከተገኘ ረቂቅ ተሕዋስ የመጣ ሲሆን፣ ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የኖቤልን ሽልማት አግኝተውበታል። ነገር ግን ጥቃቅኖቹን እንጂ ትልቁን ትል ስለማይገድል፣ ማሳከኩ ቢተውም እንኳ በየዓመቱ መዋጥ ያስፈልጋል። ለነፍሰ ጡርና ቁመቱ ከ90 ሴንቲ ሜትር ለሚያንስ ሕፃን አይሰጥም።