በስልክ የታዘዘ መድኃኒት ሐራ እስኪደርስ በማን እጅ ያልፋል?

በጉባ ላፍቶ ወረዳ፣ በሐራ ከተማ፣ በገበያ ቀን የሚወርደውና የሚጫነው ዕቃ ብዙ ነው። ማሽላው፣ ሽንኩርቱ፣ ፍየሉ፣ ፕላስቲኩ ሁሉ ለዓይን የተለመደ በመሆኑ ሰው ልብ ብሎ አያየውም። ከዚህ ሁሉ መካከል የዚህን ዓምድ አዘጋጅ ትኩረት የሳበችው ከአንድ ሚኒባስ ጣራ ላይ የወረደች ትንሽ ካርቶን ነበረች። ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ታስራ፣ መንገዱን ሙሉ ፀሐይ ሲመታት የመጣች ናት። ተረካቢዋ ሸምገል ያሉ አርሶ አደር ነበሩ።

«ጋሼ፣ ምን አስመጡ?» ስል ጠየቅኋቸው።

«የልጄ የስኳር መድኃኒት ነው። የከብቶቹም አብሮ አለበት። ወንድሟ በቴሌግራም አዞ ነው።»

«ላኪው የትኛው መድኃኒት ቤት ነው?»

«እሱንስ አላውቅም ልጄ፤ ስልኩ ግን አለኝ።»

ካርቶኗ በእጅ ስትዳሰስ ሞቃለች። በውስጧ የነበረው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሳይከፈት በሚቀመጥበት ጊዜ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት ያለበት መድኃኒት ሲሆን፣ መቀዝቀዝ አለበት ተብሎ እስኪረጋ በረዶ ቤት ከገባም ይበላሻል። አስቸጋሪው ነገር ኃይሉን ያጣ ኢንሱሊን በዓይን ላይለይ መቻሉ ነው። ብልቃጡ ያው፣ ቀለሙም ያው ሊሆን ይችላል። ልጅቱ እየተወጋች ስኳሯ ይወጣል፤ ቤተሰቡም በሽታው የጸና ይመስለዋል።

እንደሚታወቀው በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን ባዳረሰበት ወቅት የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። የወልድያ ሆስፒታልም ከዚያ አልተረፈም። መድኃኒት ፍለጋ መንከራተት ምን እንደሆነ የዚህ አገር ሰው በደንብ ያውቀዋል። ስለዚህ በስልክ የሚያዙትን ሰዎች መውቀስ አይገባም። ከሩቅ ከተማ በአንድ ቀን የሚደርስ መድኃኒት ለታማሚ እፎይታ ነው። ጥያቄው በመንገዱ ላይ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።

በአገራችን ሕግ መድኃኒት መሸጥ የሚችለው የብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ ያለው ተቋም ሲሆን፣ የሚያድለውም ባለሙያ መሆን አለበት። ይህ ቁጥጥር በ1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 176 የተጠናከረ ሲሆን፣ አሁን የሚሠራበት የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። ትእዛዙ በስልክ መጣም በእግር፣ በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ያለ ማዘዣ አይሸጥም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2007 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በኢንተርኔት የሚሸጡ መድኃኒት ቤቶች አንድ ዓይነት ምልክት እንዲለጥፉ ተደርጓል፤ ገዢው ምልክቱን ሲነካ ሻጩ በመንግሥት መዝገብ ላይ መኖሩን ያያል። የሐራ ገዢ ቢያንስ የመድኃኒት ቤቱን ስም፣ ከተማውንና የባለሙያውን ስም ጠይቆ ማረጋገጥ ይችላል። የሚጠራጠር ሰው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ነጻ ስልክ ሊደውል ይችላል።

ነገሩ ተራ ሥጋት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ10 የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው።

ወደ ከብቶቹ መድኃኒት እንመለስ። ከኢንሱሊኑ ጋር አንድ የኦክሲቴትራሳይክሊን ብልቃጥና ጥቂት የአልበንዳዞል እንክብል ነበሩ። የብልቃጡ ጽሑፍ ተፍቆ የማብቂያ ቀኑ አይነበብም፤ የምርት መለያ ቁጥሩም የለም። ለእንስሳት መድኃኒት ራሱን የቻለ አዋጅ ቁጥር 728 በ2004 ዓ.ም. የወጣ ቢሆንም፣ ገበሬው ለከብቱ ሲገዛ ለራሱ የሚጠነቀቀውን ያህል አይጠነቀቅም። ይህ ስሕተት ነው። በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ላይ ላለች ላም አልበንዳዞል ቢሰጣት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተወጋች ላም ወተት ደግሞ በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ ለሰው መሰጠት የለበትም። ወረቀቱ የት አለ? ከካርቶኗ ውስጥ አልነበረም። የክብደቱን መጠን በግምት አሳንሶ መስጠትም ተሕዋስያኑና ትሎቹ መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል።

ከአርሶ አደሩ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። የመድኃኒት ባለሙያዋ ብልቃጡን አገላብጣ ካየች በኋላ፣ «አባባ፣ ይህን እንዳትወጓት። በፀሐይ ስንት ሰዓት እንደቆየ ማንም አያውቅም» አለቻቸው። ከነበራት ላይ ለልጅቱ የሚሆን ሰጥታ፣ ፍሪጅ በሌለበት ቤት የተጀመረውን ብልቃጥ በሁለት ሸክላ መካከል እርጥብ አሸዋ አድርጎ በጥላ ማኖር እንደሚቻል አሳየቻቸው። የጀመሩበትን ቀን በብልቃጡ ላይ እንዲጽፉና ከ28 ቀን በላይ እንዳይጠቀሙበትም ነገረቻቸው።

ኢንሱሊኑን እዚያው ተዉት። የከብቱን ብልቃጥ ግን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወጡ። «የእንስሳት ሐኪሙ ይየው ጋሼ» ብላቸው፣ «ገንዘብ ወጥቶበታልኮ ልጄ» አሉኝ። ወደ ክሊኒኩ ይሂዱ ወደ ቤታቸው፣ በገበያው ግርግር መካከል ስለጠፉብኝ አላየሁም።